«ፍርድ ቤት ይወስን» ለሚሉ የቴአትር ቤት ኃላፊዎች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጆች፣ ለፕሮዲውሰሮችና ለአዘጋጆች
ግልባጭ፦ የጾታዊ ጥቃት ጉዳዮችን ለሚመረምሩ ፖሊሶች፣ ለዐቃብያነ ሕግና ለዳኞች

አንድ ተዋናይ ወይም አንዲት ተዋናይት በአዘጋጅ፣ በፕሮዲውሰር ወይም በትወና ጓደኛ ላይ የጾታዊ ትንኮሳ አቤቱታ ይዛ ስትመጣ ከቴአትር ቤቶች አብዝቶ የሚሰማው መልስ «ጉዳዩ የሕግ ነው፤ ማስረጃ ካለሽ ፍርድ ቤት ሂጂ» የሚል ነው። አባባሉ ሕግ አክባሪ ይመስላል። ችግሩ ፍርድ ቤት የሚመዝነው የቀረበለትን ብቻ መሆኑ ነው። ሊቀርብለት ከሚችለው ውስጥ ብዙው ያለው በእናንተ መሳቢያ፣ በእናንተ የአልባሳት ክፍልና በእናንተ የልምምድ መዝገብ ነው። እሱ ሲጠፋ ዝም ብላችሁ፣ ወይም ጭራሹኑ ሳይጻፍ ቀርቶ፣ ሰውን ወደ ችሎት መላክ ባዶ እጁን መስደድ ነው። ይህን የምንጽፍላችሁ መድረክ በማስተዳደር፣ በትወናና በጥብቅና ሥራ የተሰማራን ሰዎች ነን።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሦስት ጥያቄዎች እየተደባለቁ መነሳታቸው ነው። የወንጀል ችሎት አንድ የተወሰነ ድርጊት መፈጸሙ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ተረጋግጦ እንደሆነ ይጠይቃል። የፍትሐ ብሔር ችሎት ሚዛኑ ወደየት ያደላል ብሎ ያያል። የቴአትር ቤቱ ጥያቄ ደግሞ ነገ ጠዋት ልምምድ ስላለ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል እንዴት ይሠራሉ የሚል ነው፤ ይህን የትኛውም ዳኛ አይመልስላችሁም። ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት መንግሥት ሰውን ከመቅጣቱ በፊት የሚገዛበት መርህ ነው፤ አሠሪ የሥራ ቦታውን ደኅንነት እንዳይጠብቅ አያስርም። የቴአትር ቤት ውሳኔም በበኩሉ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለምና እንደዚያ አስመስሎ ማወጅ ሌላ ጥፋት ነው።

የችሎት ውጤት ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ለማየት የአውስትራሊያዊውን ተዋናይ የክሬግ ማክላክላንን ጉዳይ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2014 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአንድ ሙዚቃዊ ተውኔት አብረውት የሠሩ አራት ሴቶች ከመድረክ ላይና ከመጋረጃ ጀርባ በተፈጸሙ ድርጊቶች ከሰሱት። በዲሴምበር 2020 ከክሶቹ ሁሉ ነጻ ወጣ። ዳኛዋ ግን ከሳሾቹን ደፋርና ሐቀኛ ምስክሮች ብለዋቸዋል። ያኔ ይሠራበት የነበረው ሕግ ተከሳሹ የሴቶቹ ፈቃድ እንደሌለ ማወቁን ማረጋገጥን ይጠይቅ ነበር፤ በ2015 ተሻሽሏል፤ በተሻሻለው ሕግ ቢሆን ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ዳኛዋ ራሳቸው ጠቁመዋል። ስለዚህ «ነጻ ወጣ» ሲባል «ዋሹበት»፣ «ተከሰሰ» ሲባልም «ፈጽሟል» ብሎ መተርጎም ሁለቱም ስሕተት ነው። ለእኛ ለመድረክ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ ተለይቶ የሚወጣው ጥያቄ «ያውቅ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በወረቀት መመለስ የሚችል ቴአትር ቤት ብቻ ነውና ከዚያ እንጀምር።

በተውኔቱ ውስጥ መሳሳም፣ መተቃቀፍ፣ ልብስ ማውለቅ ወይም ጾታዊ ጥቃትን የሚያሳይ ትዕይንት ካለ አያያዙ እንደ ሰይፍ ግጥሚያ ነው መሆን ያለበት፤ ሰይፍ አስይዞ «ስሜታችሁ እንዳመጣላችሁ ተመታቱ» የሚል አዘጋጅ የለም። ሥራው ከውል በፊት ይጀመራል። ቅርርብ ያለባቸው ትዕይንቶች በገጽ ቁጥር ተለይተው ለተዋናዩ በጽሑፍ ይሰጡታል። ስክሪፕቱ ገና በልምምድ የሚወለድ ከሆነ፣ አዲስ የቅርርብ ትዕይንት ሲጨመር እንደገና ፈቃድ እንደሚጠየቅና እምቢ ማለት ሚናውን እንደማያስነጥቅ ውሉ ውስጥ ይግባ። ለሚና ፈተና የሚመጣ ሰው አይሳምም፣ ልብሱን አያወልቅም፤ ፈታኞቹ ከሁለት አያንሱም፤ ፈተናው በማንም መኖሪያ ቤትም ሆነ ሆቴል ክፍል አይካሄድም። «ኬሚስትሪያቸውን ልየው» የሚለው ምክንያት በንባብም ይታያል።

ልምምዱ ላይ ክፍሉ ለተመልካች ይዘጋል፣ ግን ሦስተኛ ሰው አይታጣበትም፤ የመድረክ አስተዳዳሪው ወይም የቅርርብ ትዕይንት አስተባባሪ ይቀመጣል። ሁለቱ ተዋንያን በየተራ የት መነካት እንደሚቻልና የት እንደማይቻል ይናገራሉ። ትናንት የተፈቀደ ቦታ ዛሬ ላይፈቀድ ስለሚችል ጥያቄው በየቀኑ ይደገማል። ከዚያ እንቅስቃሴው በቆጠራ ተከፋፍሎ በመድረክ አስተዳዳሪው ስክሪፕት ላይ ይጻፋል። ይህን ይመስላል፦

«ገጽ 41፣ ‹አልሄድም› ከሚለው ቃል በኋላ። እሱ ሁለት እርምጃ ይቀርባል። ቀኝ መዳፉ በግራ ክንዷ ላይ፣ ከክርን በላይ። እሷ አገጯን ቀና ስታደርግ መሳሳሙ ይጀመራል። ከንፈር የተዘጋ፣ ሦስት ቆጠራ። መለያየቱን የምትጀምረው እሷ ናት።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በአጋጣሚ የገባ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ የምትሸነፈዋ ገጸ ባሕርይ ብትሆንም እንቅስቃሴውን የሚመራውና የሚያቆመው ያቺን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሰው ነው፤ በመድረክ ድብድብም ደንቡ ይኸው ነው። በትርኢቱ ቀን፣ በር ከመከፈቱ በፊት፣ ሁለቱ ትዕይንቱን በግማሽ ፍጥነት አንድ ጊዜ ይሠሩታል። ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም።

የሚበላሸው ከመክፈቻው በኋላ ነው። አዘጋጁ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል፤ ትርኢቱ ሃያኛ ቀኑ ላይ ደርሷል፤ ተዋናዩ «ትንሽ ይጨምራል»፤ ተመልካች ይስቃል፤ በማግስቱ የበለጠ ይጨምራል። የመድረክ አስተዳዳሪው ያያል፣ ግን ስመ ጥሩን ተዋናይ መገሠጽ ይከብደዋልና ዝም ይላል። መፍትሔው እንደ ማንኛውም የቴክኒክ ጉድለት በዚያው ሌሊት የትርኢት ሪፖርት ላይ ማስፈር ነው፦ «ገጽ 41፣ ሦስት ቆጠራው ሰባት ሆኗል፤ እጅ ከተመደበው ቦታ ወርዷል፤ ለተዋናዩ በቃል ተነግሮታል፣ ተቀብሏል።» ክስ የለበትም፣ ቅጽል የለበትም። የተሳሳተው በቅንነት ከሆነ ያርመዋል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል፤ ስሙም አይጠፋም። ሁለት ጊዜ ተነግሮት ሦስተኛ ከደገመው ግን «የትወናው አካል ነው፣ የምትፈቅድ መስሎኝ ነው» የሚለው መከላከያ ፊት ለፊት የሚቆም፣ ቀንና ሰዓት ያለው ወረቀት ተገኝቷል። ከሁሉም ሰነድ ይህን የምናስቀድመው ለዚህ ነው።

አሁን አቤቱታው መጣ እንበል። የመጀመሪያው አድማጭ ማን እንደሆነ ብዙ ይወስናል። ለንደን የሚገኘው ኦልድ ቪክ ቴአትር ከ2004 እስከ 2015 የኪነ ጥበብ ኃላፊው የነበረውን አሜሪካዊ ተዋናይ ኬቪን ስፔሲን በሚመለከት በ2017 በጠበቆች ባስጠናው ምርመራ 20 ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ አብዛኞቹ በጊዜው ለአስተዳደሩ አልተናገሩም። ስፔሲ በኋላ፣ በጁላይ 2023፣ የለንደን ችሎት በቀረቡበት ዘጠኝ ክሶች ሁሉ ነጻ ብሎታል። እነዚህ ሁለት እውነቶች አይጣሉም። ችሎቱ ስለ ተለዩ ድርጊቶች ወሰነ፤ የቴአትር ቤቱ ምርመራ ያነሳው ደግሞ ሰው ቅሬታውን ወደ ማን ይውሰድ የሚለውን ነው፤ የቤቱ ትልቁ ኮከብና የበላይ ኃላፊ አንድ ሰው ሲሆን ወደ ማን ይኬዳል? (ከሳሾቹ ወንዶች እንደነበሩም ይታወስ፤ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» የሚለው አስተያየት ብዙ ሰው ሳይናገር አስቀርቷል።) በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ የቴአትር ሰዎች በ2017 ያወጡት የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ የቺካጎ ቴአትር መመዘኛ፣ ለዚህ ቀላል መፍትሔ አለው፦ በልምምድ የመጀመሪያ ቀን፣ ስክሪፕት ከመነበቡ በፊት፣ ቅሬታ ያለው ሰው በየደረጃው ወደ ማን እንደሚሄድ በስም ይነገራል፣ ተጽፎም ይሰጣል። ቡድኑ ትንሽ ሆኖ ባለቤቱ፣ አዘጋጁና ዋና ተዋናዩ አንድ ሰው ከሆነ ከቡድኑ ውጪ የሆነ፣ ደመወዙ በዚያ ሰው እጅ ያልሆነ ሰው በውሉ ላይ ይሰየም።

አድማጩ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አይግባ፤ ላይጠብቀው ይችላልና። «ማወቅ ለሚገባቸው ሰዎች ብቻ እናገራለሁ፤ እነሱም እነ እገሌ ናቸው፤ ከመናገሬ በፊት ላንቺ እነግርሻለሁ» ማለት ይችላል። «ለምን ያኔ አልጮህሽም?»፣ «ለምን ገባሽ?» አይባልም። «ምን ሆነ? ከዚያስ? የት ቆመሽ ነበር? ሌላ ማን ነበር?» ይበቃል። የተባለው በተናጋሪዋ ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ «ነካካኝ» ካለች «አካላዊ ንክኪ ፈጸመ» ተብሎ አይለወጥ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተጻፈበት ጊዜ፣ ፊርማ። አንድ ጊዜ በደንብ መጻፍ፣ ከዚያ ሌላ አራት ኃላፊ እየጠራ «እስቲ ለእኔም ንገሪኝ» እንዳይላት መከልከል። በተደጋገመ ቁጥር ጥቃቅን ልዩነት ይገባበታል፤ ያ ልዩነት ከሁለት ዓመት በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ተዘርግቶ «የቱ ነው እውነቱ?» ይባላል።

በቴአትር ሰዎች ዘንድ በተለይ የተለመደ አንድ ጥፋት አለ፤ ክብ ሠርቶ መቀመጥና ሁሉም የሚያውቀውን እንዲያወጣ መጠየቅ። ልባዊ ነው፣ ያስለቅሳል፣ ማስረጃንም ይገድላል። ምስክሮች አንዱ የሌላውን ከሰማ በኋላ የራሳቸውን ትዝታ ከሰሙት መለየት ያቅታቸዋል፤ ተከላካይ ጠበቃም «ተማክረዋል» ለማለት በሩ ተከፈተለት። የቴሌግራም ቡድን ከፍቶ መወያየትም ይኸው ነው፣ ያውም በጽሑፍ። እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ፣ በተቀራረበ ጊዜ አነጋግሩ። ብዙ ሰው መሰብሰቡ በራሱ ጉዳዩን አያጠነክርም፤ የኒው ዮርክ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአፕሪል 2024 የአሜሪካዊውን የፊልም ፕሮዲውሰር የሐርቪ ዋይንስታይንን የ2020 የጾታዊ ጥቃት ጥፋተኝነት የሻረው በክሱ ውስጥ ስላልተካተቱ ድርጊቶች የመሰከሩ ሴቶች መሰማት አልነበረባቸውም ብሎ ነው።

ማስረጃ የሚጠፋው በሰዓታት ውስጥ ነው። የመድረክ ልብስ ከትርኢት በኋላ በዚያው ሌሊት ወደ እጥበት ይገባል፤ ጥቃት ተፈጽሟል ከተባለ የአልባሳት ኃላፊው መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው ይሁን። ልብሱ ሳይራገፍ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይይዝና ናሙናውን ያበላሸዋል። የደኅንነት ካሜራ ቅጂ በራሱ ላይ እየደገመ ይቀርጻልና ወዲያው ይገልበጥ። የመግቢያ በር መዝገብ ፎቶ ይነሳ። የስልክ መልእክት ፎቶው ብቻ አይበቃም፤ ስልኩ ራሱ፣ ቁጥሩና ቀኑ የሚታይበት ሙሉ ንግግር፣ የድምፅ መልእክቱም በመጀመሪያው ፋይል ይያዝ፤ «የሚያሳፍረኝን ክፍል ብቻ ላጥፋ» የሚል ፈተና አለና ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ከሁሉ በፊት ግን ጤና ይቅደም፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሐኪም ቤት መሄድ ክስ ለመመሥረት ግዴታ አያስገባም፤ ይህን በግልጽ ንገሯት።

እስኪጣራ ምን ይደረግ? የተለመደው አቤት ባይዋን «ለራስሽ ብለን» ብሎ ከሚናዋ ማንሳት ነው። ያ ቅጣት ነው፣ ሌሎቹም ዐይተው ይማሩበታል። የሚነካካውን ትዕይንት መለወጥ፣ የመልበሻ ክፍል መለየት፣ የመግቢያ ሰዓት ማራራቅ፣ ለተባለበት ሰው ተጠባባቂ ተዋናይ ማስገባትና እስኪጣራ ደመወዙን አለማቋረጥ ይቻላል። ለእሱም የተባለበት ነገር በዝርዝር፣ በጽሑፍ ይሰጠው፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥለት፤ አቤት ባይዋን በራሱም በሰው በኩልም እንዳያነጋግር ይነገረው። «ታረቁና ሥራችንን እንቀጥል» እያሉ ሁለቱን አንድ ክፍል ማስቀመጥ ግን አቤቱታን ማፈኛ ነው።

ስለ ምስጢር አያያዝ የአውስትራሊያዊው ተዋናይ የጄፍሪ ራሽ ጉዳይ ለሁሉም ወገን ትምህርት ነው። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ በሲድኒ ቴአትር ካምፓኒ በታየ ተውኔት አብራው የሠራች ተዋናይት ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ለካምፓኒው ተናገረች፤ በምስጢር እንዲያዝላት ጠይቃም ነበር። በ2017 መጨረሻ አንድ የሲድኒ ጋዜጣ ነገሩን በገጽ አንድ አወጣው፤ ካምፓኒውም አቤቱታ ደርሶት እንደነበር ለጋዜጣው አረጋግጧል። እሷ ለጋዜጣው ቃል አልሰጠችም። ራሽ በበኩሉ የተባለበት ዝርዝር እንዳልተነገረው ተናገረ፤ በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ በአፕሪል 2019 ረታ፤ ካሣው ወደ 2.9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ደረሰ፤ በ2020 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ጋዜጣው የጻፈውን እውነትነት አላስረዳም አለ። ምስጢር የጠየቀችው ሴት ራሷ ባልከፈተችው መዝገብ ዋና ምስክር ሆና ቆመች፤ ተጠርጣሪ የተባለውም መልስ ሊሰጥበት የሚችል የውስጥ ሂደት ሳያገኝ ስሙ አደባባይ ወጣ። አቤቱታ ተቀብሎ ሳያጣሩ ማስቀመጥ፣ በኋላ ደግሞ መኖሩን ለጋዜጠኛ ማረጋገጥ፣ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ የሚጎዳ ነው።

ጋዜጠኛ ሲደውል መልሱ ከዚህ አይለፍ፦ «ስለ ግለሰቦች መረጃ አንሰጥም። አቤቱታ ሲቀርብ የምንከተለው ሂደት ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ቅጂውን ልንልክልዎ እንችላለን።» «ተዋናያችን በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ ነው» ማለት ምርመራው ሳይጀመር መፍረድ ነው። ሂደቱ ካልተጻፈ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውሸት ስለሚሆን መጀመሪያ ጻፉት።

ለመርማሪዎችና ለዳኞችም ጥቂት ቃል አለን። ከቴአትር ቤት ሰነድ ስታስቀርቡ «ያላችሁን ሁሉ» አትበሉ፤ ምንም አይመጣም። የመድረክ አስተዳዳሪውን ስክሪፕት፣ የየቀኑን የልምምድና የትርኢት ሪፖርት፣ የጥሪ ሰሌዳውን፣ የመግቢያ መዝገቡን፣ የመብራትና የድምፅ ትእዛዝ ዝርዝሩን፣ ከአዳራሹ ጀርባ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለም እሱን በስም ጠይቁ። በቪዲዮውና በትእዛዝ ዝርዝሩ መብራት ጠፍቶ ስንት ሰከንድ እንደቆየና ማን በየትኛው ጎን እንደነበረ ማስላት ይቻላል። ምስክር ስትፈልጉ ዝነኞቹን አታስቀድሙ፤ በጨለማ ልብስ የሚቀይሩት አልባሾችና ከመጋረጃ ጀርባ ዕቃ የሚያቀብሉት ሠራተኞች ናቸው ቅርብ የሚቆሙት። አቤቱታው የዘገየበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ የትርኢቱ የቀን መቁጠሪያ ነው። በመካከል የተናገረ ሰው ትርኢቱን ያስቆማል፤ የሁሉም ደመወዝ አብሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ሰው የመጨረሻው ትርኢት እስኪያልፍ ይታገሣል። «ለምን ያን ያህል ቆየሽ?» ከማለት በፊት የውሉን የማብቂያ ቀን ከአቤቱታው ቀን አጠገብ አስቀምጡት።

«ጥበብ ነው፣ ሙከራ ነው» የሚለው መከራከሪያም በችሎት ተፈትኗል። በሴፕቴምበር 2018 የቤልጅየማዊው የመድረክ ሰው የያን ፋብር ቡድን የቀድሞና የያኔ አባላትና ተለማማጆች፣ 20 ሰዎች፣ ግልጽ ደብዳቤ አወጡ፤ ሁሉም በስማቸው አልፈረሙም። የሥራ ጉዳዮች ዐቃቤ ሕግ መረመረ፤ በአፕሪል 2022 የአንትወርፕ ፍርድ ቤት ፋብርን በ18 ወር የገደብ እስራት ቀጣው። ጥፋተኛ የሆነው ከአምስት ሴቶች ጋር በተያያዘ የሥራ ቦታን ደኅንነት የሚጠብቀውን ሕግ በመጣስ፣ በአንዷ ላይ ደግሞ በተፈጸመ ጾታዊ ጥቃት ነው። ልብ በሉ፣ የጉዳዩ ትልቁ ክፍል የቆመው በሥራ ሕግ ላይ ነው። የልምምድ ክፍል የሥራ ቦታ መሆኑን የማይጽፍ ውል፣ ተለማማጅን «ልምድ እያገኘ ነው» ብሎ ያለ ውል የሚያሠራ ቤት፣ ይህን በር ለሠራተኛው ይዘጋበታል።

የምስጢር ጥበቃ ውል ስታስፈርሙ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ጠበቃ መሄድን እንደማይከለክል በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። በካሣ የተቋጨ ጉዳይም ቢሆን ማኅደሩ አይቃጠል፤ ሁለተኛ አቤቱታ ሲመጣ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ የተባለበት ሰው ምርመራው ሳያልቅ ለቅቆ ሌላ ቤት ሲቀጠርና የዚያ ቤት ኃላፊ ደውሎ «እንዴት ነበር?» ሲላችሁ። «ጎበዝ ተዋናይ ነው» ብሎ ስልኩን መዝጋት ችግሩን ለጎረቤት ማሸጋገር ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር ማውራት ደግሞ በስም ማጥፋት ያስከስሳል። ከሕግ አማካሪያችሁ ጋር አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት መልስ ይኑር፤ ለምሳሌ «ውሉ ከእኛ ጋር የተቋረጠው በዚህ ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ የተጀመረና ያልተቋጨ የውስጥ ማጣራት ነበር፤ ዝርዝሩን በእሱ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ እንሰጣለን።» ፈቃዱን የሚጠይቀው አዲሱ ቀጣሪ ነው። እምቢ ካለም ቀጣሪው ምን ያድርግ የሚለውን ራሱ ይወስን።

ከአክብሮት ጋር፣
በመድረክ አስተዳደር፣ በትወናና በጥብቅና ሥራ የተሰማራን የደብዳቤው ጸሐፊዎች